አሥራ ሦስተኛው ችግኝ

ሰናይት «ወላጅ ይዘሽ ነይ» ተብላ ከትምህርት ቤት የተመለሰች ዕለት፣ አያቷ እማማ የዓለምወርቅ መጀመሪያ ያሰቡት ልጅቷ የሰው ዓይን አጥፍታለች ብለው ነው። ቀጥለው ያሰቡት የመፈክር ወረቀት ቀድዳለች ብለው ነው። በደርግ ዘመን፣ ጉለሌ ውስጥ፣ ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ ለመወሰን ረጋ ብሎ ማሰብ ይጠይቅ ነበርና ቁጭ አሉ።

«ምን አጠፋሽ?»

«ምንም።»

«ምንም ያላጠፋ ሰው ወላጅ አይጠራበትም።»

«ምንም ስላልተናገርኩ ነው የተጠራብኝ» አለች ሰናይት።

ይህ መልስ ጭራሽ አስደነገጣቸው። ቀበሌ ስብሰባ ላይ ብዙ የተናገረ ሰው እንደሚጠየቅ ሁሉ፣ ዝም ያለም «ምን በልቡ ይዟል?» ተብሎ እንደሚጠየቅ በዓይናቸው አይተዋል። ሌሊቱን ሲገላበጡ አደሩና ጠዋት የክት ነጠላቸውን ለብሰው፣ የቀበሌ መታወቂያቸውን፣ የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀታቸውንና የሰናይትን የክትባት ካርድ ቦርሳቸው ውስጥ ጨምረው ወጡ። ምን እንደሚጠየቁ አያውቁም፤ ስለዚህ ያላቸውን ሁሉ ይዘው ሄዱ።

የሂሳብ አስተማሪው ጌጡ ይባላል። ካኪ ሱሪው ላይ የጠመኔ ብናኝ ያረፈበት፣ ጢሙ ገና በደንብ ያልወጣ ልጅ ነበር። እማማ የዓለምወርቅ ግን ካኪ የለበሰን ሁሉ አንቱ ማለት ከለመዱ ቆይተዋል።

«ጓድ መምህር፣ እናቷ ያለችው ናዝሬት ነው፤ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ያጠፋችው ነገር ካለ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አሉ ገና ሳይቀመጡ።

«ኧረ አላጠፋችም፣ እናቴ። የሂሳብ ፈተና ከመቶ ዘጠና ስድስት ነው ያመጣችው።»

«ታዲያ የተጠራነው ለአራቱ ነው?»

«ለአራቱም አይደለም» አለና ወንበር አቀረበላቸው። «ሰሌዳ ላይ ሳወጣት ትደርቃለች። ጠመኔውን ትይዛለች፣ ታየኛለች፣ በቃ። አንዲት ቃል አትወጣትም። ሌሎቹም ሴቶች ያው ናቸው፤ ከመስከረም ጀምሮ በእኔ ክፍለ ጊዜ እጇን ያወጣች ሴት የለችም። የሰናይት ግን ባሰ። ርዕሰ መምህሩ ‹ሰሌዳ ላይ አንድ ጥያቄ መሥራት ያቃታት ልጅ በጽሑፍ ዘጠና ስድስት ካመጣች ኮርጃለች ማለት ነው› አሉኝ።»

«ከማን?»

«እ?»

«ከማን ኮረጀች? ከእሷ በላይ ያመጣ አለ?»

መምህር ጌጡ አንገቱን አከከ። «እኔም ይህንኑ ብያቸው ነበር። ‹ያልተያዘ ኩረጃ ነው› አሉኝ። ስለዚህ ሰኞ እፊቴ፣ ሰሌዳ ላይ፣ አንድ ጥያቄ ትሥራ። ከሠራች ነጥቧ ይጸናል። ካልሠራች ይሰረዛል፤ ያኔ አምስተኛ ክፍልን ትደግማለች።»

ከዚህ ሁሉ እማማ የዓለምወርቅ ጆሮ ውስጥ የቀረው «ትደግማለች» የሚለው ብቻ ነው። መሰለች የምትባለው የሰናይት እናት ናዝሬት ሄዳ፣ ሌላ ትዳር ይዛ መንታ ከወለደች ወዲህ በመንገደኛ በኩል የምትልከው መልእክት አንድ ነው፤ «ከደገመች ለምን ትለፋለች? እኔ ዘንድ ትምጣና ሕፃናቱን ትያዝልኝ።» ሰናይት ከሄደች እማማ የዓለምወርቅ በዚያ ቤት ውስጥ የሚጨነቁለት ሰው ሊያጡ ነው። ካልተጨነቁ ደግሞ ቀኑ እንዴት እንደሚመሽላቸው አያውቁም።

ወደ ቤት ሲመለሱ ነገሩ ገባቸው። ልጅቷ ታውቃለች፤ ስትጠየቅ ግን አንደበቷ ይያዛል። ይህ ዓይነ ጥላ ነው። የተማሪ ዕድል የሚዘጋ፣ ከብዕርና ከጠመኔ ፊት የሚቆም መንፈስ። መድኃኒቱም ይታወቃል።

«ቅዳሜ ጠበል እንሄዳለን» አሉ።

«እማማ፣ አላመመኝም እኮ።»

«የሚያመውማ ራሱ ይናገራል። ያንቺ ነው የማይናገረው።»

ቅዳሜን የመረጡት እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ስላለ ነው። ያም ሆኖ መምህሩም ቀበሌውም እንዳይሰሙ፣ ሰናይትን «ሰው ከጠየቀሽ ክምር እንጨት ልንገዛ ነው በይ» አሏት። እህል ሳይቀምሱ ገና በማለዳ ተነሥተው ተራራውን ሽቅብ ተያያዙት። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ከባሕር ዛፉ መሐል ቁልቁል ሲወርዱ ሁለት ጊዜ «ወዴት ናችሁ?» ብለው ጠየቋቸው። ሁለቱንም ጊዜ እማማ ራሳቸው «እንጨት ልንገዛ» አሉና፣ እንጨት ከሚሸጡት ሴቶች ፊት አልፈው ሄዱ።

ጠበሉ ዘንድ ሲደርሱ ወረፋው ረዝሟል። ሰናይት ነጭ ልብስ ለብሳ፣ ክንዶቿን በብብቷ ቀብራ ከሴቶቹ ኋላ ቆመች። አጥማቂው አባ ስብሐት መስቀላቸውን ይዘው ከፊት አንዲት ሴት ላይ ውሃ ያፈሳሉ። እማማ የዓለምወርቅ ሴትየዋን አወቋት። አዲሱ ገበያ ድንች የምትሸጠው ሠርካዲስ ናት።

«ስንት ናችሁ? ተናገር» አሉ አባ ስብሐት።

«አሥራ አምስት ነበርን» አለ በሠርካዲስ አፍ የሚናገረው፣ ከሆድ በሚወጣ ወፍራም ድምፅ። «ባለፈው ሳምንት ዘጠኛችን ወጣን። አሁን ሰባት ቀርተናል። እኛ ሰባታችን ግን አንወጣም።»

«ስድስት» አለ አንድ ቀጭን ድምፅ ከወረፋው መሐል።

አባ ስብሐት መስቀሉን እንደያዙ ዞር አሉ። ወረፋው ሁሉ ዞር አለ። እማማ የዓለምወርቅም ማን ይሆን ብለው ዞር ሲሉ የሚያዩት የገዛ ልጃቸውን ነው።

«ሰባት ነን» አለ ሰይጣኑ።

«ከአሥራ አምስት ዘጠኝ ሲቀነስ ስድስት ነው» አለች ሰናይት። ጥርሷ በብርድ ይንቀጫቀጫል፤ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም። «ወይ የወጣችሁት ስምንት ናችሁ፣ ወይ መጀመሪያ አሥራ ስድስት ነበራችሁ። ከሁለት አንዱ ነው።»

ሰይጣኑ ዝም አለ። እማማ የዓለምወርቅ በዕድሜያቸው ሰይጣን ሲጮህ፣ ሲያለቅስ፣ ዶሮ ሲጠይቅ ሰምተዋል። ሰይጣን ሲያስብ አይተው ግን አያውቁም።

«አሥራ ስድስት ነበርን» አለ በመጨረሻ፣ ለስለስ ብሎ።

«እንደሱ ከሆነ ሰባት ልክ ነው» አለች ሰናይት።

አባ ስብሐት ጢማቸው ውስጥ አንድ ሁለቴ አሳሉ። ሳሉ ካለፈላቸው በኋላ፣ «ሐሰተኛ መሆኑን መጽሐፉ ነግሮን ነበር» አሉ፤ «ቅነሳ እንደማይሆንለት ግን ገና ዛሬ ሰማሁ።» ሠርካዲስ ላይ ውሃውን ጨምረው ሲያበቁ እማማን ጠሯቸው። «ይቺን ልጅ ምን ሆነች ብለሽ ነው ያመጣሻት?»

«አፏን ይይዛታል፣ አባቴ። ሂሳብ ሲጠይቋት መናገር አትችልም።»

አባ ስብሐት ሰናይትን አዩ፤ ሠርካዲስን አዩ፤ ተመልሰው እማማን አዩ። «ከእነዚህ ጋር ቆማ የተከራከረች ልጅ ናት እኮ። አፏን የሚይዛት ነገር ካለ ትምህርት ቤት ነው ያለው፤ እዚህ አልመጣም» አሉና ለበረከት ብለው አንድ ጣሳ ብቻ አፈሰሱባት። አንዱ ጣሳም ቢሆን ልጅቷን ቡራኬው እስኪያልቅ ሲያዘልላት ቆየ።

ቁልቁል ሲወርዱ እማማ ነጠላቸውን ደርበውላት፣ «እንዴት ያለ ድፍረት ነው? ቢይዝሽስ ኖሮ?» አሉ።

«ተሳስቶ እኮ ነው።»

«ሠርካዲስ ተሳስታ ይሆናላ፤ ምስኪን።»

«እትዬ ሠርካዲስማ ድንች ስትቆጥር አንድ ቀን ተሳስታ አታውቅም። እሱ ነው የተሳሳተው።»

ይህ እውነት ነበር። እማማም ከሠርካዲስ ድንች ሲገዙ አንዲት እንኳ ተርፋላቸው አታውቅም። ጥቂት መንገድ ከሄዱ በኋላ ቀስ ብለው፣ «ታዲያ ትምህርት ቤት ምን ትሆኛለሽ?» አሏት።

ሰናይት እግር እግሯን እያየች ተራመደች። «በጥቅምት ጋሼ ጌጡ ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው አለኝ። ሃምሳ አራት አልኩ። ሃምሳ ስድስት መሆኑን አውቀው ነበር፤ በቃ አፌ ላይ መጣ። ከዚያ ካሣዬ ሳቀ፣ ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ስሜ ሃምሳ አራት ነው። ‹ሃምሳ አራት፣ በር ዝጊ› ይሉኛል። ሰሌዳ ላይ ስቆም ቁጥሩ ይመጣልኛል፤ ግን ቢሳሳትስ እላለሁ። እንደገና እቆጥረዋለሁ። እንደገና ስቆጥር ጋሼ ጌጡ ‹ተቀመጪ› ይላል።»

እማማ የዓለምወርቅ ነጠላውን እንደገና አስተካከሉላት። ‹ቢሳሳትስ› የምትለው ቃል የራሳቸው ናት። ቢታመምስ፣ ቢዘንብስ፣ በሩ ሳይቆለፍ ቀርቶ ቢሆንስ እያሉ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ፈውሱንም እሳቸው ማግኘት አለባቸው። ሲያስቡ፣ ሲያስቡ፣ የጉለሌ ቆርቆሮዎች ከታች ብቅ ሲሉ አንድ ነገር ታያቸው። ይቺ ልጅ የራሷን ልክ መናገር ትፈራለች፤ የሰውን ስህተት ሰምታ ማለፍ ግን አትችልም፤ የሰይጣንም ቢሆን። እንግዲያው ሰኞ ከሰሌዳው ፊት ስትደርቅ አንድ ሰው ከኋላ የተሳሳተ መልስ መናገር አለበት።

ሰኞ ጠዋት እማማ የዓለምወርቅ አምስተኛ ክፍል ገብተው የኋላው ዴስክ ላይ ተቀመጡ።

«እናቴ፣ ምን ልርዳዎ?» አለ መምህር ጌጡ።

«ወላጅ ይዘሽ ነይ አሏት። ይዛኝ መጣች።»

«እሱ ባለፈው ነበር።»

«ባለፈው ብቻ መሆኑን አልነገሩንም፣ ጓድ መምህር።»

መምህሩ ክርክሩን ትቶ ወደ ሰሌዳው ዞረ፤ አነበበ። «አንድ የገበሬ ማኅበር ስልሳ ሜትር በሚረዝም ቀጥ ያለ መስመር ላይ ችግኝ ይተክላል። በየአምስት ሜትሩ አንድ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ሁለቱም ጫፍ ላይ ጭምር። ስንት ችግኝ ያስፈልገዋል? ሰናይት።»

ሰናይት ወጣች። ጠመኔውን ያዘች። መምህሩን አየች። ደረቀች።

ከመሐል የካሣዬ ድምፅ «ሃምሳ አራት» ሲል ተሰማና ወንዶቹ ተንከተከቱ። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ፤ ነገ ተረኞቹ እነሱ ናቸው።

እማማ የዓለምወርቅ በነጠላቸው ሥር መቁጠሪያቸውን ጨብጠው ሥራቸውን ጀመሩ። ሆን ብሎ ለመሳሳት አስቀድሞ ልኩን ማወቅ ያስፈልጋል፤ የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት ያላቸው ሰው ናቸውና በልባቸው አካፈሉ። ስልሳ ለአምስት አሥራ ሁለት። አሥራ ሁለት ልክ ነው። እንግዲህ ልክ እንዳይሆን አንድ ልጨምርበት።

«አሥራ ሦስት ነው በያቸው፣ ልጄ» አሉ ጮክ ብለው።

ሰናይት ዞር ብላ አየቻቸው፤ አላረመቻቸውም። እማማ ጠበቁ። አሁንም አላረመቻቸውም።

«እናቴ» አለ መምህር ጌጡ ፊቱ ቀልቶ፣ «ነገሯት እኮ። ልክ ነው። አሥራ ሦስት ነው። አሁን ይህ ጥያቄ አይቆጠርም።»

«ልክ ሊሆን አይችልም» አሉ እማማ የዓለምወርቅ ደንግጠው ተነሥተው። «ጓድ መምህር፣ በመድኃኔ... በአብዮቱ ይዤዎታለሁ፣ ልክ አይደለም። ልኩ አሥራ ሁለት ነው፤ እንዲሳሳት ብዬ አንድ ጨምሬበት ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ካሣዬ ዴስኩን ደበደበ። እማማ የዓለምወርቅ ግራ ገብቷቸው ቆመው ቀሩ፤ አሁን እንግዲህ ልጅቷን እሳቸው አስደገሟት፤ የናዝሬት አውቶቡስ ዓይናቸው ላይ መጣ።

«እማማ፣ አሥራ ሁለት አይደለም» አለች ሰናይት።

ጠመኔውን እንደያዘች በዴስኮቹ መሐል አልፋ ወደ ኋላ መጣች። የሚስቁት ልጆች ለእሷ የሌሉ ያህል ነበሩ። የአያቷን እጅ ከነጠላው ስባ አወጣችና ጣቶቻቸውን ዘረጋቻቸው።

«ጣትሽ ስንት ነው?»

«አምስት ነዋ። ምን ነካሽ?»

«በጣቶቹ መሐል ያለው ክፍተትስ?»

እማማ ቆጠሩ። «አራት።»

«አየሽ፤ አንቺ ያካፈልሽው ክፍተቱን ነው። አሥራ ሁለት ክፍተት አለ። ችግኞቹ ግን ጣቶቹ ናቸው። የመጀመሪያዋን ችግኝ ረሳሻት፤ መስመሩ ሲጀምር የተተከለችውን።» ከዚያ ወደ ሰሌዳው ተመለሰች፤ መስመር ሳበች፤ በየአምስቱ ነጥብ አደረገች፤ ከዜሮ ጀምራ እስከ ስልሳ ጻፈችበት፤ ዜሮዋን አከበበቻት። «ሁሉም ሰው የሚረሳው ይቺን ነው። ካሣዬ፣ አንተስ ስንት አልክ?»

ካሣዬ ደብተሩን በክንዱ ሸፈነ። እዚያ ላይ የጻፈው አሥራ ሁለት ነበር። ከጎኑ ያለውም አሥራ ሁለት ጽፏል። የሁሉም ክንድ ቀስ በቀስ ደብተሩ ላይ ሲተኛ እማማ ከኋላ አዩ።

ሰናይት ግን አልተቀመጠችም። «ጋሼ፣ መስመሩ ቀጥ ያለ ባይሆንና ክብ ቢሆን ኖሮ አንዱ አይጨመርም ነበር። የመጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር ይገጥማል። እንደ እማማ መቁጠሪያ። አሳዪያቸው እስቲ፣ እማማ።»

እማማ የዓለምወርቅ መቁጠሪያውን ጡታቸው ሥር ወሸቁ። «እኔ መቁጠሪያ የለኝም» አሉ። መምህር ጌጡ ደግሞ በዚያች ደቂቃ መስኮቱን መዝጋት አስፈልጎት ጀርባውን ሰጣቸው። ሲመለስ ጠመኔውን ከሰናይት ተቀበለና፣ «ነጥቡ ጸንቷል» አለ። «መልሱንማ ከአያትሽ ሰምተሻል። ስህተቷ ከየት እንደገባች ግን የነገረሽ የለም።»

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ እማማ የዓለምወርቅም ዕረፍት ባገኙ። ግን በማግስቱ በረፍት ሰዓት አምስተኛ ክፍል ያሉት ሴቶች አዲስ ጨዋታ ጀመሩ። የጠበሉን ወሬ ሰናይት ነግራቸዋለች። አንዷ ነጠላ ተከናንባ የተሳሳተ መልስ ትሆናለች፤ ሌሎቹ ከበው ይጠይቋታል።

«ስምህ ማነው?»

«ሃምሳ አራት ነኝ።»

«በማን ላይ አደርክ?»

«በሰባት ጊዜ ስምንት ላይ።»

«ከየት ገባህ?»

«ስድስት ጊዜ ዘጠኝን መስዬ ገባሁ።»

«ውጣ። ሃምሳ ስድስት ይግባ።»

የተከናነበችው መሬት ላይ ትንፈራገጥና ትወጣለች። ከዚያ ሌላዋ ትተካለች። ለመከናነብ በተራ ይጣሉ ጀመር። ጎበዝ ስህተት ለመሆን ደግሞ ከቤት ተዘጋጅቶ መምጣት ያስፈልጋል፤ ቶሎ የሚወጣ ስህተት ያስቅባቸዋልና። በሁለት ሳምንት ውስጥ በመምህር ጌጡ ክፍለ ጊዜ ከሴቶቹ ወገን እጅ መውጣት ጀመረ። መጀመሪያ አንዱ እጅ ወጣ፤ ከዚያ ማንን ልጥራ እስኪል ድረስ ሆነ። ብትሳሳት «ከየት ገባህ?» የሚላት አለ፤ ስሟን የሚለውጥባት የለም።

አንድ ቀን በዚህ መሐል ከወረዳ ጽሕፈት ቤት ጓድ ወልዱ የሚባሉ ተቆጣጣሪ መጡ። እማማ የዓለምወርቅ ለሰናይት ሹራብ ሊያቀብሉ መጥተው አጥሩ ሥር ነበሩ፤ ብርድ ሊሆን ይችላል ብለው። ጓድ ወልዱ ቀጥ ብለው ወደ ተከናነበችው ልጅ ሄዱ።

«ይህ ምንድነው?»

እማማ ሹራቡን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙ። ጠበል፣ አባ ስብሐት፣ ክምር እንጨት፣ ሁሉም ሊወጣ ነው።

መምህር ጌጡ ከየት መጣ ሳይባል ደረሰ። «ሂስና ግለ ሂስ ነው፣ ጓድ» አለ። «ስህተት በብዙኃኑ ፊት ቀርቦ ራሱን ያጋልጣል። ከየት እንደመጣ ያምናል። ከዚያ ይታረማል።»

ጓድ ወልዱ ልጆቹን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። አንዲት ትንሽ ልጅ ነጠላው ሥር ሆና በወፍራም ድምፅ «ነጥቡን ያለቦታው ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ» እያለች ታለቅሳለች።

«እኛ መሥሪያ ቤት እንኳ እንደዚህ የሚያምን የለም» አሉ ጓድ ወልዱ። ከዚያ መምህር ጌጡን ጨበጡትና ክበብ ይሁን ብለው ሄዱ። ክበብ ሆነ፤ የሴቶች የሂሳብ ሂስና ግለ ሂስ ክበብ ተባለ። ካሣዬም ልግባ ብሎ ለመነ፤ መከናነብ እስኪለማመድ ድረስ ደጅ አስጠኑት።

በሰኔ ሰናይት ወደ ስድስተኛ አለፈች። ሂሳብ ዘጠና ዘጠኝ። እናቷ መሰለች ናዝሬት ሆና ይህን ስትሰማ ለሕፃናቱ ሌላ ሰው ፈለገች።

እማማ የዓለምወርቅ ደስ አላቸው፤ ደስታው ግን እስከ ማታ እንኳ አልቆየላቸውም። ጎረቤቱ ሁሉ «ዘጠና ዘጠኝ አመጣች አሉ» እያለ በበራቸው ሲያልፍ ፊታቸው መለዋወጥ ጀመረ። ሰው ዓይን አለው። አጥብቀው በሩን ዘጉና ልጅቷን አጠገባቸው አስቀመጧት።

«ስሚኝ፣ የኔ ልጅ። በሚመጣው ዓመት እንደዚህ አይሁን። ሰባ፣ ሰባ አምስት፣ ይበቃል። ለዓይን የሚሆን ትንሽ ትንሽ እያወቅሽ ተሳሳቺ። ምን ችግር አለው?»

ሰናይት ሳቋን ይዛ አየቻቸው።

«እማማ፣ አውቆ መሳሳት ከባድ ነው። አንቺ ሞክረሽው አልነበር?»